የአምቾው ጫፍ

ከመሬት የወጣ፣ ሥሩ የተመለመለና አፈሩ የተጠረገ የሦስት ዓመት እንሰት አምቾ ከላይ ሲያዩት ቀለበት በቀለበት ነው። የውጭው ቀለበት የአሮጌው ቅጠል እግር ነው። ቀጥሎ የታናሹ፣ ከዚያ የታናሹ ታናሽ ይመጣል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ቀለበቱ ይጠብባል፤ ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ነጭ ይሄዳል። መሐል ላይ ጣት የማያስገባ ነጭ ክብ ይቀራል። እንሰቱ ቅጠሎቹን ሁሉ ያወጣው ከዚያች ነጥብ ነው። እንሰት ሊያባዛ የተነሣ የዶዮገና ገበሬ ቢላዋውን የሚሰደው ወደ እሷ ነው።

ዶዮገና በከምባታ ዞን የምትገኝ ደጋማ ወረዳ ናት። በሰሜንና በምዕራብ ከሐዲያ ጋር ትዋሰናለች፤ ቀድሞ የአንጋጫ ወረዳ አካል ነበረች። ስሟ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በጉ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ከሆነ ደግሞ በየእርከኑ ላይ የተተከለውን የደሾ ሣር ያነሣል። ሁለቱም መጨረሻቸው ጓሮ ነው። ሣሩን በጉ ይበላዋል፣ የበጉ ፍግ እንሰቱ ሥር ይጣላል። ለዚህም ነው ትልልቁ እንሰት ሁልጊዜ ለቤቱ ቅርብ ሆኖ የሚገኘው፤ ፍግ ተሸክሞ ሩቅ የሚሄድ የለም።

እንሰት ብቻውን አይወልድም። የቅርብ ዘመዱ ሙዝ ከጎኑ ልጆች ያወጣል፤ ባለቤቱ ቆርሶ መትከል ብቻ ይበቃዋል። እንሰት ግን ጫፉ በሕይወት እስካለ ድረስ ሌላ ቡቃያ አያስወጣም። ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ያፈራል፣ ይሞታል። በዘሩ ማብቀል ይቻላል፤ የዱር እንሰት የሚባዛውም በዘሩ ነው። ግን ከዘር የበቀለው እናቱን አይመስልም። በከምባታና በሐዲያ ሲስቀላ፣ ግሽራ፣ ዲሾ እየተባሉ የሚጠሩት ዓይነቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ አንዱ በቆጮው፣ አንዱ በቡላው፣ አንዱ በቅቅል አምቾው ይፈለጋል። ሲስቀላን ሲስቀላ አድርጎ ለልጅ ለማውረስ ከገዛ አካሏ ቆርጦ ማብዛት እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ለዚህ ነው ነጯ ነጥብ የምትወገደው። ከዚያች ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ይወርዳል፤ እሱ እስከወረደ ድረስ በአምቾው ጠርዝ የመብቀል ዐቅም ያለው ሁሉ ተኝቶ ይኖራል። ጫፉ ሲነሣ የተኛው ይነቃል። ሳይንሱ ይህን ያህል ነው። የቀረው የእጅ ሥራ ነው፤ ልዩነት የሚመጣውም በእጁ ነው።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ነው። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ቆጮውን ማብላላቱ የሴት ነው፤ በመሆኑም የትኛው ዓይነት ይባዛ የሚለውን በደንብ የምታውቀው ሴቷ ናት። እናት የምትሆነው እንሰት ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆናት፣ ያላበበች፣ ቅጠሏ ያልጠወለገ መሆን አለባት። ግንዷ ከአምቾው በላይ ስንዝር ያህል ተትቶ ይቆረጣል። አምቾው ዙሪያውን ተቆፍሮ ይወጣል፣ ሥሩ ይመለመላል። ከዚያ አምቾው ከላይ ወደ ታች ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ትልቅ ከሆነ ለአራት።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ስንጥቁ በነጯ ነጥብ ላይ ማለፍ አለበት፤ ግን ማለፉ ብቻ አይበቃም። መስመሩ በጥቂቱ ከሳተ አንደኛው ግማሽ ጫፉን ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ግማሽ አንድ ወፍራም ቡቃያ ወጥቶ የሌሎቹን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ከተሰነጠቀ በኋላ ቢላዋው በየቁራጩ እምብርት ገብቶ የቀረውን ነጭ ይፍቃል። የሚፋቀው ልክ አለው። ትንሽ ከሆነ ጫፉ ያገግማል። ብዙ ከሆነ ደግሞ ቡቃያ የሚያወጣው ጠርዝ ይጎዳል፤ ቡቃያውን የሚመግበው ስታርችም ይቀንሳል። ጥሩ እጅ የሠራው ቁራጭ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ የቁርጡ ፊት ለስላሳ ነው። የተቦጫጨቀ ፊት ውኃ ይይዛል፤ ውኃ የያዘ ይበሰብሳል።

ቁራጮቹ ጥቂት ቀን ይጠወልጋሉ፤ የቁርጡ ፊት ደርቆ ቆዳ ያበጃል። ከዚያ ፍግ በተቀላቀለበት ጉድጓድ ይቀመጣሉ። ከላያቸው የሚለብሰው አፈር ከጋት ይበልጣል፣ ከስንዝር አያልፍም። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በጠርዙ ዙሪያ ሹል ሹል ቡቃያዎች ይወጣሉ። ከአንዲት እናት የሚገኘው ከ40 እስከ 200 እንደሚደርስ ተጽፏል። ዓመት ሲሞላቸው አንድ በአንድ ተነጥለው ይተከላሉ፤ ወደ ቋሚ ቦታቸው እስኪደርሱም ሲዛወሩ ይኖራሉ። ሁሉም ከአንድ አካል የወጡ ናቸው። የዕፅዋት ተመራማሪ ክሎን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ዶዮገና ያለ ቤተ ሙከራ ሲያደርገው ኖሯል።

አሁን ያንኑ ሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ እንየው።

በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም የተክልን ቁራጭ በጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ ሥራ፣ የሚፈለገው ያው ነጭ ነጥብ ነው። ልዩነቱ በጓሮ የሚጣለው እዚህ የሚቀመጥ መሆኑ ነው። ትንሽ የእንሰት ችግኝ ይነቀላል፤ ሥሩና ቅጠሉ ተቆርጦ አውራ ጣት የሚያክል ነገር ይቀራል። በሳሙና ይታጠባል፣ በ70 በመቶ አልኮል ይነከራል፣ በበረኪና ይቆያል፣ ንጹሕ በሆነ ውኃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። ከዚያ የተጣራ አየር በሚነፍስበት ጠረጴዛ ላይ፣ በእሳት ባለፈ ወረንጦና ምላጭ የቅጠል እግሮቹ አንድ በአንድ ይላጣሉ። በጓሮ ያየነው ቀለበት እዚህም አለ፤ የመጨረሻዎቹ ግን እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው፣ የሚታዩትም በማጉያ መነጽር ነው። ከእነሱ በታች የምታብረቀርቅ ጉብታ አለች። የዕድገት ጫፍ የሚባለው እሷ ናት።

እንሰት በዚህ ደረጃ ቸር አይደለም። ሲቆረጥ ይጠቁራል። እንሰት የፋቀች ሴት ሁሉ ይህን በእጇ ታውቀዋለች፤ ከጭማቂው የወጣው ፌኖል አየር ሲያገኝ ይጠቁርና እጅን ያበልዛል። በጠርሙስ ውስጥ ያ ጥቁረት ቁራጩን ይገድለዋል። መድኃኒቱ ብዙ ነው፤ አንዱም ብቻውን አይበቃም። ቫይታሚን ሲ ይጨመራል፣ ከሰል ይጨመራል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጨለማ ያልፋሉ፣ ቁራጩ ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ምግብ ይዛወራል። ምግቡ ቶሺዮ ሙራሺጌና ፎልክ ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1962 ለትንባሆ ሕብረ ሕዋስ ያወጡት ቅመም ነው፤ ዛሬም በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት እሱ ነው። በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ ከ7 እስከ 8 ግራም አጋር፣ ማዕድናት፣ ጥቂት ቫይታሚን። ኮምጣጣነቱ በፒኤች መለኪያ 5.8 ላይ ይስተካከላል፤ ከዚያ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀቀላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ጫፉም በሕይወት ተርፎ፣ የሚወጣው አንድ ቡቃያ ነው። እንሰት በጠርሙስም ውስጥ እንሰት ነው፤ ጫፉ ካለ ሌላ አይወጣም። ሳይቶኪኒን የሚባለው ቡቃያ የሚያበዛ ሆርሞን ሲጨመር ሙዝ ወዲያው ይንበሸበሻል፤ እንሰት ግን በዚያ ብቻ አይረታም። ገነት ቢርሜታና ማርጋሬታ ዌላንደር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ባለ ሦስት ደረጃ ዘዴ ቁልፉ ማቁሰል ነው፤ የዕድገት ጫፏ በምላጭ ትቆስላለች፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። የዶዮገና ገበሬ ይህን ቢያነቡለት የሚደነቅ አይመስለኝም። የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚቆርጡ ነው፤ ጥያቄውም ልክ ነው። እዚህም ትንሽ ከሆነ ያገግማል፣ ብዙ ከሆነ ይሞታል፤ ግን የስህተቱ ወሰን ከጣት ውፍረት ወደ ፀጉር ውፍረት ወርዷል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ በጓሮ አቻ የለውም። ቡቃያ በማብዛት ፋንታ በቡቃያው ውስጥ ያለውን ክሮሞዞም ማባዛት ነው።

አንድ ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል መጀመሪያ ክሮሞዞሞቹን እጥፍ ያደርጋል። ከዚያ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ቀጫጭን ክሮች ይሠራል፤ ክሮቹ እንደ ሸማኔ ድር ከዳር እስከ ዳር ይወጠሩና ግማሹን ክሮሞዞም ወደ አንድ ጎን፣ ግማሹን ወደ ሌላው ይስባሉ። መሐሉ ላይ ግድግዳ ይቆማል። ኮልቺሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ቱቡሊኑን ይይዘውና ክሩ እንዳይሠራ ያደርጋል። ክሮሞዞሙ እጥፍ ሆኗል፣ የሚስበው ግን የለም። ሕዋሱ ሳይከፈል እጥፉን እንደያዘ ይቀራል። መድኃኒቱ ሲታጠብ ክሩ እንደገና ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወለዱት ሕዋሳት ሁሉ እጥፍ ይዘው ይወለዳሉ።

አልበርት ብሌክስሊና አሞስ ኤቨሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1937 አሳተሙ። ብሌክስሊ ለብዙ ዓመታት ያጠናው እኛ አስተናግር የምንለውን ተክል ነበር። ኮልቺሲን የሚገኘው ከአውሮፓው ኮልቺኩም ተክል ነው፤ በአገራችን ከሚበቅለው፣ ቀይና ቢጫ አበባ ካለው፣ በቅጠሉ ጫፍ እየተጠማዘዘ ከሚወጣው ግሎሪዮሳ ሱፐርባም ይገኛል። ኮልቺሲን ለሪህ በሽታ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ካለፈ ገዳይ ነው። ያለ ጓንት አይነካም።

ለምን በጠርሙስ ውስጥ? ሜዳ ላይ ባለ ዛፍ ጫፍ ላይ ኮልቺሲን ቢንጠባጠብ ጥቂት ሕዋሳት ይነካሉ፣ ብዙዎቹ ያመልጣሉ። በጠርሙስ ያለ ጫፍ ግን ትንሽ ነው፤ መቶ ጫፍ በአንድ ጊዜ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ይናወጣል፣ ሁሉም ጎን ይርሳል። ቪየና አጠገብ ባለው የዘይበርስዶርፍ ቤተ ሙከራ ቫን ዱረን፣ ሞርፑርጎ፣ ዶለዠልና አፍዛ እ.ኤ.አ. በ1996 በሙዝ የሠሩት የዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ኮልቺሲኑ 5 ሚሊሞላር ሆኖ 48 ሰዓት፤ ኦሪዛሊን የሚባለው ፀረ አረም ደግሞ 30 ማይክሮሞላር ሆኖ 7 ቀን። ቁጥሮቹን አስተያዩአቸው። ኦሪዛሊኑ ከኮልቺሲኑ ከ160 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው፤ የዕፅዋትን ቱቡሊን ከእንስሳት ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥቂቱ ይበቃዋል። ከአራቱ ሦስቱ፣ አፍዛ፣ ቫን ዱረንና ሞርፑርጎ፣ በዚያው ዓመት ስለ እንሰትም ጽፈዋል፤ እንሰትን በጠርሙስ ውስጥ ከሕዋስ አንሥቶ እንደገና ማሳደግን።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ይመጣል። የዕድገት ጫፍ አንድ ሕዋስ አይደለም፤ ሽፋን በሽፋን የተደረደሩ ብዙ ሕዋሳት ናቸው። ላዩ እጥፍ ሆኖ ውስጡ እንደነበረ ሊቀር ይችላል። ከእንዲህ ያለ ጫፍ የሚያድግ ተክል ግማሽ ይህ፣ ግማሽ ያ ይሆናል፤ ኪሜራ ይሉታል። ዛሬ እጥፍ የመሰለው ነገ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መፍትሔው እንደገና መቁረጥ ነው። ቡቃያው ይከፈላል፣ ያደገው እንደገና ይከፈላል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ። በየዙሩ ድብልቁ ይለያያል፤ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ እጥፍ የሆነው ለብቻው ይቆማል።

መቆሙ እንዴት ይታወቃል? ቀላሉ መንገድ ከገበያ በሚገዛ የጥፍር ቀለም ነው። ቀለም አልባው የጥፍር ቀለም በቅጠሉ የታችኛው ፊት ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይላጣል። የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ቅርጽ ልጣጩ ላይ ታትሞ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ሥር እጥፍ የሆነው ቅጠል ቀዳዳዎቹ ይረዝማሉ፣ ይራራቃሉም። ይህ ጥቆማ ነው፤ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው ሥር ነው። እያደገ ያለ የሥር ጫፍ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ይቆረጣል። ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ባለበት ይቀመጣል፣ በሞቀ ቀጭን አሲድ ይለሰልሳል፣ ቀለም ይነከራል። በመስታወት ላይ ሆኖ ሌላ ስስ መስታወት ይደረብበታል፣ ከዚያ በአውራ ጣት ይጫናል። ቀጥ ብሎ መጫን አለበት። ጣቱ ከተንሸራተተ ክሮሞዞሞቹ ይጠማዘዛሉ፤ ኃይሉ ካነሰ ተደራርበው አይቆጠሩም። በደንብ የተጫነ ስላይድ ላይ ግን እያንዳንዱ ክሮሞዞም ለብቻው ተኝቶ ይታያል። 22 የነበረው ሙዝ 44 ይሆናል። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባለው መሣሪያ ይህን በደቂቃዎች ይሠራዋል፤ ዲኤንኤውን በብርሃን ይለካል። እኔ ግን ስላይዱን እመርጣለሁ። መሣሪያው ልክ ይነግራል፣ ስላይዱ ያሳያል።

የሙዝ አዳቃዮች ይህን የሚፈልጉት ለምክንያት ነው። የምንበላው ሙዝ አብዛኛው ሦስት ስብስብ፣ ማለትም 33 ክሮሞዞም አለው፤ ሦስት ለሁለት በእኩል ስለማይከፈል ዘር አይሠራም። አዲስ ባለ 33 ለማግኘት ባለ 44ን ከባለ 22 ማዳቀል ያስፈልጋል። ባለ 44ን ለማግኘት ደግሞ ጠርሙሱና ኮልቺሲኑ።

ሰው ይህን ከማወቁ እጅግ አስቀድሞ የተፈጥሮ እጅ በአንድ ዛፍ ላይ ሠርቶታል፤ ውጤቱንም በየቀኑ እንጠጣዋለን። ቡናችን፣ አረቢካው፣ 44 ክሮሞዞም አለው። ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ናቸው። አረቢካ የተወለደው ዩጂኖይዴስ ከሚባለው ቡናና ከሮቡስታ ሲሆን የሁለቱን ሙሉ ስብስብ ይዞ ቀርቷል። ጊዜው በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ይገመታል። በከምባታ ወይና ደጋ ጓሮዎች ቡናው ከእንሰቱ ጎን ይበቅላል፤ አንዱ እጥፍ የሆነ፣ አንዱ ያልሆነ። የብራዚል ሰዎች ሮቡስታን ከአረቢካ ጋር ሲያዳቅሉ መጀመሪያ ሮቡስታውን በኮልቺሲን ከ22 ወደ 44 አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ1950 ካምፒናስ ላይ ከተደረገው ማዳቀል ኢካቱ የሚባለው ቡና ወጣ። ተፈጥሮ የሠራውን ደረጃ በእጅ ደገሙት ማለት ነው።

እንሰት 18 ክሮሞዞም አለው፤ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ ሁለት ስብስብ። በእኔ ግምት እጥፍ የማድረግ ጥበብ ለእንሰት ቀዳሚ ጉዳይ አይደለም። ሙዝ ዘር አልባ መሆን ያለበት ፍሬው ስለሚበላ ነው። እንሰት ሳያብብ ይቆረጣል፤ ዘሩ ማንንም አያስቸግርም። የእንሰት ችግር ሌላ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በእንሰት ላይ የገለጹት፣ አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዛሬም እንሰቱን ያጠወልጋል፣ ከቁርጡም ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ባክቴሪያው የሚኖረው ውኃና ምግብ በሚመላለስባቸው ቧንቧዎች ውስጥ ነው። በዕድገቱ ጫፍ ላይ ቧንቧ ገና አልተሠራም። ስለዚህ በጠርሙስ የሚያድገው ጫፍ በጣም ትንሽ ሆኖ ከተቆረጠ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ሳይበቅል ይሞታል። እዚህም ያው የልክ ጥያቄ ነው።

ከዶዮገና በስተደቡብ፣ ወላይታ ውስጥ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ነው። አልማዝ ነጋሽና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 እንሰትን በጠርሙስ ውስጥ በዝግታ እያሳደጉ ዓይነቶቹን ለማቆየት የሚያስችል ዘዴ አሳትመዋል። ከጓሮ የጠፋ ዓይነት ከጠርሙስ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ጓሮው ብዛት ይሰጣል፣ ጠርሙሱ ንጽሕና። ጠርሙሱ መብራት ይፈልጋል፣ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፣ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ወጣት የሚቀጥር ሰው አምቾ ሰንጥቆ የሚያውቅ ቢፈልግ አይሳሳትም፤ ወረንጦ መያዝ በሳምንታት ይለመዳል፣ ጫፉ የት እንዳለ ሳያዩ ማወቅ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ለጓሮ ባለቤት አንድ ነገር ልጨምር። የአጠውልግ በሽታ ከእንሰት ወደ እንሰት ከሚሄድባቸው መንገዶች ዋነኛው ቢላዋ ነው። በቤተ ሙከራ ምላጩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሳያልፍ በፊት በእሳት ይነካል፤ ይህኛው ልማድ መብራትም ጠርሙስም አይፈልግም። አንዱን አምቾ ሰንጥቃችሁ ወደሚቀጥለው ስትሄዱ ቢላዋውን እሳት ላይ አሳልፉት።